ሲቱማ ከመገረዙ በፊት

ከቸዌሌ ገበያ በላይ
የካቲት 4 ቀን

ለአጎቴ ልጅ፣ ለእህቴ ለናኩሚቻ፤

ሰጪው አምላካችን ዌሌ በዚያ ጥላ በሌለው አገር ጥላ ይሁንሽ። በአውቶብስ የሰውን ልጆች በሰላም እንደምታደርሺ አንቺንም በሰላም ለደጃፍሽ ያብቃሽ። እኛ በጎ ነን። ዝናቡን እየጠበቅን መሬቱን ገልብጠነዋል፤ የቀረው የሰማዩ ድርሻ ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አስጻፈው ትዪ ይሆናል። አንቺ በደወልሽ ቁጥር አማትሽ እማማ ሮዳ ድምፁን ከፍ አድርገው ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡታል። ጎረቤቱ ሁሉ በየተራ እየጮኸ ሰላም ይልሻል። እኔም ተራዬ ሲደርስ “ደህና ነኝ” ብዬ ለሚቀጥለው እለቃለሁ። በእንዲህ ያለ ስልክ ደህና ከመሆን በቀር ሌላ ነገር መሆን አይቻልም። ስለዚህ ገበያው ውስጥ ካለው ኮምፒውተር ቤት ገብቼ፣ ባለቤቱን ልጅ ወደ ውጭ ልኬ፣ ራሴው በሁለት ጣቴ እየተየብኩ ነው።

እንደሰማሽው ከጥር ጀምሮ ወደ መንደራችን ተዛውሬያለሁ። ያኔ “መምህር ከአገሩ ርቆ ያስተምር” የሚል ትእዛዝ ወጥቶ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወሰዱኝ፤ አሁን ደግሞ “መምህር በአገሩ ያስተምር” የሚል ወጥቶ መለሱኝ። ትእዛዝ በተለወጠ ቁጥር ሻንጣ ማሰር ለምጄዋለሁ።

የሰጡኝ ስድስተኛ ክፍልን ነው። በአንድ ዴስክ አራትም አምስትም ሆነው ይጣበባሉ፤ ከኋላ ያለውን ልጅ ለማየት በጎኔ ሆኜ ነው የማልፈው። መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ በዚሁ ግቢ ተጨምሮብን፣ ዕቃ ቤቱ በር ላይ “ቤተ ሙከራ” የሚል ተለጥፏል፤ ውስጡ ያው አካፋና ዶማ ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ልጁ በእጁ እየሠራ ይማር ይላል። አሳቡ ክፉ አይደለም። ግን የእያንዳንዱን ልጅ ውጤት በስልካችን ለመንግሥት መላክ ስላለብን፣ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ የምንቆመው ክፍል ውስጥ ከምንቆመው ሳይበልጥ አይቀርም።

ልጅሽ ሲቱማ ፊት ለፊቴ ነው የሚቀመጠው። ጤናው ሙሉ ነው። ቁመቱ የአባቱን ሊደርስ ምንም አልቀረው። በኳስ የሚቀድመው የለም። ለክፍል ሥራ ከሸክላ የሠራው በሬ የርእሰ መምህሯ የማዳም ኔሊማ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ሻኛውን ብታዪው ይነቃነቃል ትያለሽ። እኔን “ኮቻ” እያለ ይጠራኛል፤ የእናቱ ወንድም መሆኔን ጓደኞቹ ሁሉ እንዲሰሙለት።

ከተማ ላለው አዳሪ ትምህርት ቤት “ጎበዝ ተማሪ ነው” የሚል ወረቀት እንድጽፍለት የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። ጥቂት ታገሺኝ። ልጆቹን አንድ በአንድ እያወቅኋቸው ነው።

እማማ ሮዳ ከወገባቸው በቀር ደህና ናቸው። የወገብ ቀበቶ ካገኘች ትላክልኝ ብለዋል።

ወንድምሽ፣
መምህር ማቦንጋ


ዶሃ
የካቲት 21 ቀን

ለተከበሩ ወንድሜ ለመምህር ማቦንጋ፤

ከመቀመጫዬ ተነሥቼ እጅ እነሣለሁ። ቤትዎን ሰላም ያድርግልዎ፣ ላምዎን ወተት፣ አፍዎን ማር ያድርግልዎ። እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ቆሜያለሁ።

ሥራዬ ያው አውቶብሱ ነው። ጎህ ሳይቀድ ወጥቼ የሰውን ልጆች ከየበራቸው እቀበላለሁ፣ ቀበቶ አስራለሁ፣ አፍንጫ እጠርጋለሁ፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ አስረክባለሁ። ከበሩ አልፌ ገብቼ አላውቅም። የስድስት ዓመት ሕፃናት ከቦርሳቸው መጽሐፍ አውጥተው ያነቡልኛል። አንዲቷማ “ሚስ ናኩ፣ ይሄ ምን ማለት ነው?” እያለች ታስጨንቀኛለች። “ልጄን ብትጠይቂው ይነግርሽ ነበር፤ እሱ ከክፍሉ አንደኛ ነው” እላታለሁ።

ወንድሜ፣ በደብዳቤዎ ስለ ልጄ ቁመት ጻፉልኝ። ስለ ኳሱ ጻፉልኝ። ስለ ሸክላ በሬው ሻኛ ሳይቀር ጻፉልኝ። ስለ ትምህርቱ ግን አንዲት ቃል የለም። እኔ አውቶብስ ላይ ሲያወራ የቆየ ልጅ በድንገት ዝም ሲል ሊያስመልሰው እንደሆነ አውቃለሁ። እርስዎስ ምን ሊወጣዎት ነው?

ሰዎች እንደሚሉት፣ መምህራን ጎበዝ ልጅ ከትምህርት ቤታቸው አይለቁም፤ ውጤታቸውን ያነሣላቸዋልና። እርስዎን ማለቴ አይደለም። ሰዎች የሚሉትን ነው። የልጄን ካርድ ፎቶ ልከውልኛል፤ “ከሚጠበቀው በላይ” ይላል። ይህን ቃል በስልኬ ላይ አሳድጌ ስንቴ እንዳየሁት ባወቁ።

ወረቀቱን ይጻፉልኝ። ቀበቶውን አገር በምትገባ በአንዲት የኪታሌ ከተማ ልጅ እጅ ልኬዋለሁ።

እህትዎ፣
ናኩሚቻ


ከቸዌሌ ገበያ በላይ
መጋቢት 7 ቀን

ለእህቴ ለናኩሚቻ፤

ዌሌ ልብሽን ያጽናልሽ፤ ዘንድሮ የመጀመሪያው ዝናብ እንደወረደልን ለአንቺም ደስታ ያውርድልሽ። ቀበቶው ደርሷል። እማማ ሮዳ ከቀሚሳቸው በላይ ታጥቀውት ገበያ ወጥተዋል፤ ከውስጥ ቢታጠቁትማ ማን ያይላቸዋል?

የጠየቅሽኝን ወረቀት አልጻፍኩም። አልጽፈውምም። ምክንያቱን ልንገርሽ፤ ተቀምጠሽ አንብቢው።

ሲቱማ ማንበብ አይችልም።

እንደመጣሁ ልጆቹን አንድ በአንድ መጽሐፍ ማስቀመጫዋ ክፍል እየጠራሁ የሁለተኛ ክፍል ገጽ አስነበብኳቸው። በእንግሊዝኛ አይደለም፤ በስዋሂሊ ነው። ከክፍሉ ግማሽ ያህሉ ተሰናከለብኝ። ሲቱማ ግን ገብቶ ከመቀመጡ ስለ ጥንቸሏና ስለ ጅቡ የሚለውን ገጽ እንደ ውኃ አወረደው። ደስ አለኝ። “በል ቀጥል” ብዬ ገጹን ገለጥኩለት። እሱ አሁንም ጥንቸሏን ነው የሚያነበው። አዲሱ ገጽ ላይ ደግሞ ጥንቸል የሚባል ነገር የለም፤ ስለ ገበያ ነው።

“ሲቱማ፣ ይቺ ቃል ምን ትላለች?” ብዬ ጣቴን አስቀመጥኩ።

ቃሏን አላያትም። እኔን ነው ያየኝ። “ኮቻ፣ ሌሎቹ ሲሉ እኔም እላለሁ። ብቻዬን ስሆን ግን አያናግሩኝም” አለኝ።

እስከ ስድስተኛ ክፍል እንዴት አለፈ ትዪ እንደሆነ፣ እንዲህ ነው። መምህሩ ይላል፣ ክፍሉ በአንድ አፍ ይመልሳል። ሲቱማ ከጩኸቱ በግማሽ እስትንፋስ ወደኋላ ብሎ ይከተላል፤ ድምፁ ደግሞ ከሁሉ ጎልቶ ይሰማል። የቡድን ሥራ ሲሆን አንዱ ያነባል፣ እሱ ይሥላል፣ እሱ ይጠርባል። ከሰሌዳ ሲገለብጥ እጅ ጽሑፉ እንደ ታተመ ነው፤ በሬ እንደሚሠራ ነው ቃሉን የሚሠራው። ካርዱ አልዋሸሽም። “ከሚጠበቀው በላይ” ያለው የእጁን ሥራ ነው፤ እሱስ እውነት ነው። ለብቻው ቁጭ አድርጎ ያስነበበው ሰው ግን አልነበረም። በዚያ ሁሉ ልጅ መሐል ጊዜው ከየት ይምጣ? ከእኔ በፊት የነበሩትን አልወቅስም።

ማዳም ኔሊማን አንድ ነገር ለመንኳት። በየማለዳው ለአንድ ሰዓት፣ ከሦስተኛ እስከ ስድስተኛ ያሉትን ልጆች በክፍላቸው ሳይሆን በንባባቸው ልክ እንመድባቸው አልኳት። ገና ፊደል የሚለዩ ለብቻ፣ ቃል የሚያነቡ ለብቻ፣ ታሪክ የሚያነቡ ለብቻ።

“ወላጆች ይበሉሃል” አለችኝ።

“ሥጋው አልቋል፤ የሚያገኙት አጥንት ነው።”

ሳቀችና “ከፋሲካ በኋላ ጀምር” አለች።

እንግዲህ የሲቱማ ቦታ ፊደል ከሚለዩት ጋር ነው። አጠገቡ የሚቀመጡት የሦስተኛ ክፍል ሕፃናት ናቸው። ዘንድሮ ደግሞ የቢላዋው ዓመት ነው፤ በነሐሴ ከእኩዮቹ ጋር ይገረዛል። አንዴ ወንድ ከተባለ በኋላ ከሕፃን ጎን ቁጭ ብለህ “ባ ቤ ቢ ቦ ቡ” በል ብትይው ሞት ይቀለዋል፤ አንቺም እኔም እናውቃለን። ያለን ጊዜ ከአሁን እስከ ነሐሴ ነው።

የጻፍኩልሽ ፈቃድሽን ለመለመን ነው።

ወንድምሽ፣
ማቦንጋ


ዶሃ
ግንቦት 12 ቀን

መምህር ማቦንጋ፤

ሰላም ለቤትህ።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ቆይቷል። ልመልስ ስል እጄ እምቢ እያለኝ ነው የዘገየሁት።

አንተ ትናንት መጥተህ ዛሬ ልጄን ደንቆሮ አልከው። እስከ ዛሬ ያስተማሩት ሰዎች ሁሉ ዕውሮች ነበሩ? አንተ ብቻ ነህ ዓይን ያለህ? አባቱ ከሸንኮራ አገዳ መኪና ላይ ወድቆ ከሞተ ወዲህ ያ ልጅ የቆመው እኔ በዚህ ፀሐይ ስለቆምኩ ነው። እዚህ አውቶብስ ላይ የምትሠራ ሴት ሁሉ በስም ታውቀዋለች። “አንደኛው እንዴት ነው?” ነው የሚሉኝ፤ ስሙን እንኳ አይጠሩትም። አሁን ምን ብዬ ልመልስላቸው?

ነሐሴን ራስህ ታነሣዋለህ። ቢላዋ የሚጠብቀውን ልጅ ከሕፃን ጋር መሬት ላይ ልታንከባልለው? የአባቱ ዘመዶች ምን ይሉታል? ሚስት የሚሰጠው ሰው ይኖራል?

ፈቃድ ጠይቀኸኛል፤ አልፈቅድም። የአባቱ ወንድም ከተማ ወስዶ አዳሪ ትምህርት ቤት አስገብቶታል። ያንተን ወረቀት አልጠየቁም። ካርዱን አዩ፣ ክፍያውን ተቀበሉ፣ ፍራሽ ይዞ ይግባ አሉ። አየህ? ለሰው ልጅ በሩን የሚከፍት ትምህርት ቤት እንዲህ ነው።

ያን ሰዓትህን ለሌላ ሰው ልጆች አድርገው። ለእማማ ሮዳ ይህን ወሬ እንዳትነግራቸው።

ናኩሚቻ


ከቸዌሌ ገበያ በላይ
ሰኔ 16 ቀን

ለእህቴ ለናኩሚቻ፤

ዌሌ ከቁጣም ከድካምም ይሰውርሽ፤ ለእኔም እንደዚያው።

አስቀድሜ ልንገርሽ፦ ሲቱማ ደህና ነው። እኔ ቤት ነው ያለው።

ከሁለት ሳምንት በፊት፣ በቆሎው ውስጥ አረም እየነቀልን ሳለ፣ ፍራሹን በራሱ ተሸክሞ መጣ። ከከተማ ድረስ በእግሩ ነው። ያባረረው የለም፤ ራሱ ነው የወጣው። እዚያ ጎህ ሳይቀድ ቀስቅሰው ያስጠኗቸዋል። ለጥናቱ አልሰነፈም፤ በቃሉ ያዘው። ከዚያ አንድ ቀን መምህሩ “ተነሥና አንብብ” አለው። ቆሞ ቀረ። መምህሩም ከአራተኛ ክፍል አንድ ልጅ አስጠርቶ “ለዚህ ጎረምሳ አንብብለት” አለው። ልጁ አነበበለት። ሲቱማ ቁጭ ብሎ ጨርሶ አዳመጠ፤ ከዚያ ፍራሹን ጠቀለለ። የከፈልሽው እንደማይመለስ ነግረውናል።

እማማ ሮዳ ቤት አልገባም አለ። “እማማ ከጠየቁኝ መናገሬ አይቀርም” አለኝ። ለእሳቸው እኔን ሊያግዘኝ እንደመጣ ነግሬያቸዋለሁ፤ ውሸት አይደለም፣ አረሙን ከእኔ ሦስት እጥፍ ነው የሚነቅለው።

እኔ ስለ ትምህርት አላነሣሁበትም። በሦስተኛው ቀን ራሱ ጀመረው።

“ኮቻ፣ ከተገረዝኩ በኋላ ከሕፃናቱ ጋር መቀመጥ እችላለሁ?”

“የሚከለክልህ የለም። አንተ ግን አትቀመጥም።”

“አልቀመጥም” ብሎ አመነ። ትንሽ ነቀለ። “ከዛሬ ጀምሬ እስከ ነሐሴስ ይበቃኛል?”

“አይበቃህም።” ልዋሸው አቅሙም አልነበረኝም። “ግን ከምንም ይሻላል።”

“ይስቁብኛል።”

“ይስቃሉ።”

“አንተ እኮ ‘አይስቁም’ ማለት ነበረብህ፣ ኮቻ!”

ሁለታችንም ከአረሙ መሐል ቁጭ ብለን ሳቅን። ሰኞ ጠዋት ከእኔ ቀድሞ ትምህርት ቤት ደረሰ።

ፊደል ለዪዎቹ መሬት ላይ ነው የሚቀመጡት፤ ወለሉ ላይ በጠመኔ እየጻፉ። አንዲት ናንጃላ የምትባል የሦስተኛ ክፍል ልጅ ቀና ብላ አየችውና “ይሄ የትልልቆች ቦታ አይደለም” አለችው።

“ትልቅ አይደለሁም፤ ረጅም ነኝ” አላት።

እሷም ተጠጋችለት። ከዚያ ወዲህ የምትቆጣጠረው እሷ ናት። ሲሳሳት እጁን ትመታዋለች፤ ዱላ የተከለከለው ለመምህር እንጂ ለናንጃላ አይደለም። የስድስተኛ ክፍል ልጆች በመስኮት እያዩ “ባ ቤ ቢ!” ይሉታል። አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል። አንዳንድ ቀን ሳቁ ሲበረታ ተነሥቶ ይወጣል፤ በማግሥቱ ግን ይመጣል። የሚጸናበት መሆኑን ሳላይ ልጽፍልሽ ስላልፈለግኩ ነው የዘገየሁት።

ሌላው ነገር አላማረም። በወላጆች ስብሰባ አንዱ አባት ብድግ ብሎ “ልጄ ጡት አውጥታ ከሕፃን ጋር መሬት ላይ የምትቀመጠው በየትኛው መንግሥት ሕግ ነው?” አለኝ። ከወረዳ የመጣው ተቆጣጣሪም ያ ሰዓት በፕሮግራሙ ላይ የለም፣ በስልክ በምንልከው ውጤት ውስጥም ቦታ የለውም፣ ይቁም ብሎ ሄደ። ማዳም ኔሊማ እስከ በር ሸኝታው ስትመለስ “በደብዳቤ እስኪያሳውቁን እንቀጥል። እነሱ ደብዳቤ እስኪጽፉ ልጆቹ ይመረቃሉ” አለችኝ።

ደክሞኛል፣ ናኩሚቻ። ጧት ያን ሰዓት ሳስተምር አይደክመኝም፤ የሚደክመኝ ለምን እንደማስተምር ሳስረዳ ነው።

ይህን ሁሉ ያደረግሁት ያለ ፈቃድሽ ነው። ልጁ ያንቺ ነው፤ ይቅር ካልሽ ይቀራል።

ወንድምሽ፣
ማቦንጋ


ዶሃ
ሰኔ 25 ቀን

ለተከበሩ ወንድሜ ለመምህር ማቦንጋ፤

ጤና ይስጥልኝ። ቤትዎ ለልጄ ቤት ሆኗልና ጣራው አያፍስስ፣ ምድጃው አይቀዝቅዝ።

ደብዳቤዎን የጠዋቱን ልጆች አስረክቤ ባዶው አውቶብስ ውስጥ ነው ያነበብኩት። ፍራሹን ተሸክሞ በዚያ መንገድ ሲመጣ በዓይነ ልቦናዬ አየሁት። ሰው አይቶታል። የሚያውቁት ሰዎች አይተውታል።

አውቶብሳችን ላይ አንድ የአሥር ዓመት ልጅ አለ፤ አገሩ ሩቅ ምሥራቅ ነው። እሱም ፊደል አይገባለትም። ለእሱ ግን ብቻውን የምታስተምረው መምህርት ቀጥረውለታል፤ በር ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች፣ እጁን ይዛ ትወስደዋለች። አንድም ልጅ ሲስቅበት አላየሁም። ባለፈው ቀበቶውን ሳስርለት እጄ ዘገየብኝ። “ሚስ ናኩ፣ ምነው?” አለኝ። ምን ልበለው? የእኔ ልጅ ለብቻው የሚደርሰው ሳቁ ብቻ ነው ልበለው?

ሴቶቹ አሁንም “አንደኛው እንዴት ነው?” ይሉኛል። ትናንት “ስሙ ሲቱማ ነው” ብያቸዋለሁ። ሌላ አልጨመርኩም።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ነሐሴውን ማሳለፍ አይቻልም? ቢላዋው በየሁለት ዓመቱ ነው፤ በሚቀጥለው ቢገረዝ ምናለበት? እስከዚያ በደንብ ያነብ ነበር። የአባቱን ወንድም እኔ እለምነዋለሁ። ልጁን እርስዎ ይጠይቁልኝ።

ስለ ቀደመው ደብዳቤዬ፣ ያኔ ሙቀቱ በርትቶብን ነበር።

እህትዎ፣
ናኩሚቻ


ከቸዌሌ ገበያ በላይ
ነሐሴ 14 ቀን

ለእህቴ፣ ለወንድ ልጅ እናት፣ ለናኩሚቻ፤

እልል በዪ። ልጅሽ ቆሟል።

የለመንሽኝን ነግሬው ነበር። “ጓደኞቼ ወንድ ሆነው እኔ ልጅ ሆኜ ልቅር? አንብቤስ ለማን ላሳይ ነው?” አለኝ። የግርዘቱን ማስታወቂያ ደወል እጁ ላይ አስሮ ዘመድ ሲጠራ ሰነበተ። ጧት ጧት ግን ደወሉን ከበር ውጭ አስቀምጦ ወለሉ ላይ ከነናንጃላ ጋር ይቀመጥ ነበር።

የተቆጣጣሪው ደብዳቤ ሐምሌ አጋማሽ ላይ መጣ። ማዳም ኔሊማ መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችና ትምህርት ቤቱ ለዕረፍት ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው “ይኸው ዛሬ ደረሰን” ብላ አነበበችልን። ከእንግዲህ ያ የማለዳ ሰዓት የለም። ለእሷም ማስጠንቀቂያ ጽፈውላታል።

አሁን ወደ ደስታው ልመለስ። ደንቡን ታውቂዋለሽ፤ ከቢላዋው በፊት ባለው ቀን ልጁ ከነአጃቢው እየጨፈረ ወደ ኮቻው ቤት መጣ። ወይፈን አርጄ ጠበቅኩት፤ ለወይፈኑ የላክሽውን ገንዘብ ለእማማ ሮዳ ሰጥቻለሁ፣ ወይፈን ከኮቻ ቤት ነው የሚወጣው። ጭፈራው ደርቶ ሳለ አንዱ ምላሰኛ ዘፋኝ እንዲህ ብሎ አወጣ፦

“ባ ቤ ቢ ሲል ውሎ ከሕፃናት ጋራ፣
ቢላዋ ሲመጣ እናቱን ሊጣራ!”

ሕዝቡ ተቀበለው። ሴቶቹ ሳይቀሩ ሳቁ። እማማ ሮዳም ያኔ ነው የሰሙት፤ ዘወር ብለው እኔን አዩኝ። ሲቱማ መዝለሉን አላቆመም፣ ግን ደወሉ ከእግሩ ጋር አልገጥም አለ።

የወይፈኑን የደረት ሥጋ አንገቱ ላይ አጠለቅኩለት። በጥፊ መታሁት፤ ደንብ ነው። መስደብ ነበረብኝ፤ ኮቻ ሰድቦ ነው የሚሸኘው። ስድቡ ግን ከአፌ ጠፋ።

“ስማኝ!” አልኩት፤ የጮህኩት ግን ለዘፋኙ ነው። “ቢላዋ የአፍታ ነገር ነው! ዓይንህን ተክለህ ትቆማለህ፣ ያልፋል። ይሄ እዚህ የሚጨፍረው ወንድ ሁሉ ቆሞ አሳልፎታል። የማያውቀውን ነገር ከሚስቁበት ሰዎች ፊት በየማለዳው መሬት ቁጭ ብሎ የተማረ ግን ከመካከላችሁ ማን አለ? ካለ ይውጣ! ወይፈኑን ለእሱ እሰጠዋለሁ!”

የወጣ የለም። ዘፋኙ ትንሽ አጉረመረመና ሌላ ዘፈን ጀመረ። እማማ ሮዳ ግን ባሉበት ቀበቶአቸውን ጠበቅ አድርገው “የእኔ ልጅ ነው!” ብለው እልልታቸውን ለቀቁት።

በማግሥቱ ማለዳ ወንዝ ወርዶ፣ ጭቃውን ተቀብቶ መጣ። ቢላዋው ፊት ቆመ። ሽፋሽፍቱ እንኳ አልተርገበገበም። አሁን ከእኩዮቹ ጋር፣ የተገረዙት እስኪድኑ በሚቆዩበት ጎጆ ውስጥ ቁስሉ እየደረቀ ነው።

እንዳልዋሽሽ ግን ይህንም ልጨምር። የደረሰበት እስከዚህ ነው፦ ፊደሉን ሁሉ ለይቷል፤ አጫጭር ቃል ያነባል፤ ረጅም ቃል ሲያጋጥመው ይቆማል፣ ላብ ያጠምቀዋል። በጥቅምት የመንግሥት ፈተና አለ። ይሆንለታል ብዬ ተስፋ አልሰጥሽም። ተመልሶ መሬት ላይ አይቀመጥም፤ ቢፈልግም ሰዓቱ የለም። መምህራኑ ደግሞ ሥራ ሊያቆሙ ነው ይባላል። ይቀጥል አይቀጥል አላውቅም። አልጠየቅኩትም፤ አሁን ወንድ ነው፣ እንደ ልጅ አይጠየቅም።

ወንድምሽ፣
ማቦንጋ


ዶሃ
መስከረም 3 ቀን

ለተከበሩ ወንድሜ ለመምህር ማቦንጋ፤

ዌሌ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ያወጡትን ቃል ሁሉ በበረከት ይመልስልዎ። ሙቀቱ ትንሽ ጋብ ብሏል። ትምህርት ተከፍቷል፤ አዳዲስ ሕፃናት መጥተውልኛል፣ ገና ያለቅሳሉ።

ስለ ወይፈኑም፣ ስለ ቃሉም፣ ስለ ማዳም ኔሊማም ምን ብዬ እንደምጽፍ አላውቅም። ስለዚህ የሆነውን ብቻ ልጻፍልዎ።

ማክሰኞ ዕለት ልጆቹን አስረክቤ መቀመጫ ስጠርግ ስልኬ ጮኸ። ሲቱማ ነው፤ ከጎጆው፣ በጓደኛው ስልክ። ድምፁ ጎርንኗል። ሌላ ሰው መስሎኝ ነበር።

“እማ፣ ስሚኝ ብቻ። ምንም አትበዪ” አለኝ።

ማንበብ ጀመረ። መጽሐፉን ከየት እንዳገኘው አልጠየቅኩትም፤ ምንም አትበዪ ብሎኛላ። “ዝናብ ዘነበ። ወንዙ ሞላ።” እያንዳንዱን ቃል እንደ ድንጋይ ነው የሚያነሣው። ያነሣል፣ ያስቀምጣል፣ ይተነፍሳል። “ሰዎቹ ገመድ ይዘው ወንዙን…” አለና ቆመ።

መጥረጊያውን ይዤ ቆምኩ። ትንፋሹ ይሰማኛል። የመጀመሪያውን ፊደል ይላል፣ ሁለተኛውን ይላል፣ ተመልሶ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ወንድሜ፣ እኔ ቃሉን ገና ድሮ አውቄዋለሁ። ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። በዚህ አውቶብስ ላይ የሌላ ሰው ልጅ ቃል ሲያቅተው ቶሎ የምነግረው እኔ ነኝ፤ ዝም ማለት አልችልበትም። የዚያን ዕለት ግን አፌን በእጄ ያዝኩ። ያ ልጅ ስንት ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው ሲልለት ነው የኖረው።

ከዚያ የጓደኛው ሂሳብ አለቀና ስልኩ ተቋረጠ። ቃሉ እዚያው ቀረ። መልሼ ልደውል ብዬ ተውኩት።

በማግሥቱ ጧት አውቶብሱ ልጆች ሞልቶ እየሄድን ሳለ ስልኬ ጮኸ። በጉዞ ላይ ማንሣት ክልክል ነው፤ ከሥራ ያስባርራል። አነሣሁት። ሰላም አላለኝም፣ እንዴት ነሽም አላለኝም።

“ተሻገሩ” አለኝና ዘጋው።

እህትዎ፣
ናኩሚቻ